ለአጥር ብረት፦ ቀለም ወይስ ዚንክ?

ሰበታ ላይ አጥር ስናሠራ ክርክሩ ይኸው ነበር። ጥቁሩን (ዚንክ ያልለበሰውን) ቱቦ ገዝቶ አንቲረስት፣ ማለትም ዝገት መከላከያ ቀለም፣ መቀባት ወይስ ዚንክ የለበሰውን መግዛት?

ዝገት ማለት ብረት ኤሌክትሮን ሲሰጥ ነው፤ ይህ ኦክሲዴሽን ይባላል። ኦክስጅን ሲቀበል ደግሞ ሪዳክሽን። ሰጪ ከሌለ ተቀባይ የለም።

ዋጋ፦ ቀለም መነሻው ርካሽ ነው፤ ግን በየጊዜው ብሩሽ ያስይዛል። ዚንኩ መጀመሪያ ላይ ኪስ ይጎዳል።

ጭረት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። የቀለም ዋና ሥራው ውሃና አየር መከልከል ነው። የእኛን ቋሚ የበግ ሰንሰለት ፋቀው። ክረምቱ ሳያልቅ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ገብቶ አሳበጠው፤ በጥፍሬ ስነካው ተላጠ። ዚንክ ግን ቢጫርም ኤሌክትሮን ለመስጠት ከብረት ይቀድማል። እሱ ይበላል፣ ብረቱ ይተርፋል።

ብየዳ፦ ዚንኩ እዚህ ያስቸግራል። ሙቀቱ ሽፋኑን ያነሳዋል፣ ጭሱም በያጁን ትኩሳት ሊያሲዘው ይችላል። መጋጠሚያውን መልሶ ዚንክ ባለው ቀለም መሸፈን ግድ ነው።

ለጊዜያዊ አጥር ወይም ብየዳ ለበዛበት ጌጠኛ በር ቀለም ይበቃል። ውሃ ለሚተኛበት ግቢና ብሩሽ ለማንሳት ለሚሰንፍ ሰው (እኔን ጨምሮ) ዚንኩ ይሻላል።