የጥቁር ፓይናችንን ላተረፉልን አትክልተኛ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ በግቢያችሁም የጃፓን ፓይን፣ ሜፕል ወይም ሌላ የጌጥ ዛፍ ላላችሁ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው የእኚህን ባለሙያ ሥራ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በቅርብ ከተከታተልኩ በኋላ ነው።

ቤታችንን ስንገዛ የቀድሞው ባለቤት ቅርንጫፎቹን እንደ ደመና ደረጃ በደረጃ ያበጀው አንድ የጃፓን ጥቁር ፓይን በደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። እኛ ግን ምንነቱን ሳናውቅ ሣር ለሚያጭድልን ድርጅት ሰጠነውና ሠራተኞቹ በሞተር መቀስ እንደ አጥር ላጭተውት ሄዱ። በዓመቱ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ መድረቅ ጀመሩ፤ እናቴም በየጠዋቱ በመስኮት እያየች «ምን አደረጋችሁት ይሄን ዛፍ?» ማለቷን አላቋረጠችም።

እኚህ አትክልተኛ የአገራችን ሰው ሲሆኑ፣ ቦንሳይ የሚባለውን፣ ዛፍን በሳህን መሰል ዕቃ ውስጥ እየገረዙ በትንሽነቱ የማሳደግ ጥበብ ጃፓኖች ኒዋኪ በሚሉት፣ በመሬት ላይ በተተከለ የግቢ ዛፍ ላይ ይሠራሉ። በመጀመሪያው ቀን መቀስ እንኳ ከቦርሳቸው አላወጡም። ዛፉን ሦስት ጊዜ ዞረው፣ ተንበርክከው ሥሩን ካዩ በኋላ አንዱን ደረቅ ቅርንጫፍ ይዘው፣ ፓይን ቅጠል ካልቀረለት ቅርንጫፍ ላይ መልሶ እንደማያቆጠቁጥ፣ አረንጓዴውን አልፎ የገባው መቀስም ቅርንጫፉን እንደገደለው አስረዱኝ።

በሰኔ ለልጄ ምርቃት እንግዳ ስለምጠራ «ጋሼ፣ እባክዎ በአንድ ጊዜ ቅርጽ ያስይዙልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ አሁን ብቆርጠው ለምርቃቱ ያምርልሻል፤ ለገና ግን ማገዶ ይሆንሻል» አሉኝ። ጥቁር ፓይን በጸደይ እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ያወጣል፤ ይህ ቀንበጥ በሰኔ ገደማ ሲቆረጥ ዛፉ በምትኩ አጠር ያለ፣ ቅጠሉም ያነሰ ሁለተኛ ቀንበጥ ስለሚያበቅል ጥቅጥቅ ያለ ውበት ያገኛል። ነገር ግን ይህን የሚችለው ጉልበት ያለው ዛፍ ብቻ ነው፤ የተጎዳ ዛፍ ያለ የሌለ ስንቁን ጨርሶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በዚያ ዓመት የደረቀውን ብቻ አንሥተው፣ ማዳበሪያ ሰጥተው፣ ትልቁን ክፍያ ሊያገኙበት የሚችሉትን ሥራ ለከርሞ አቆዩት። ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ስላልቆረጡት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ከላይ ያሉትን ብርቱ ቀንበጦች ቆርጠው ከታች ያሉትን ደካሞች ሳይነኩ ተዉ። በኅዳር ደግሞ መሰላል ላይ ተቀምጠው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚበቅለውን ያለፈውን ዓመት መርፌ መሰል ቅጠል በጣታቸው ሲነቅሉ ዋሉ፤ ብርሃን ወደ ውስጥ እንዲገባ ከላይ ብዙ፣ ከታች ጥቂት። ማታ እናቴ ሙጫ ያጠቆረውን እጃቸውን እንዲያሹበት የምግብ ዘይት አቀረበችላቸው። ባዶ የቀረውን ጎን ለመሙላትም አንዱን ቅርንጫፍ በቀርከሃ ዘንግና በገመድ ስበው አስረውታል፤ ገመዱ ቅርፊቱን እንዳይበላው በየጥቂት ወሩ እየመጡ ያላሉታል።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» እያልኩ ስነዘንዛቸው ዋሽንግተን ወዳለው ናሽናል አርቦሬተም (ብሔራዊ የዛፎች መናፈሻ) ሄጄ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ ሲገረዝ የኖረውን፣ በ1945 ከሂሮሺማው ቦምብ የተረፈውንና በ1976 ለአሜሪካ የተበረከተውን የነጭ ፓይን ቦንሳይ እንዳይ መከሩኝ። ልጆቼን ይዤ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ትቼዋለሁ።

ዋጋቸው ሣር ከሚያጭዱት ይበልጣል፤ ስልክም ቶሎ አያነሡም። ፓይን ያላችሁ እስከ ግንቦት ቀጠሮ ብትይዙ ይሻላል፤ ሜፕልን ግን በብርዱ ወራት ማብቂያ ከቆረጡት ፈሳሹ ስለሚንጠባጠብ በሙቀቱ ወራት ወይም ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ነው የሚነኩት። ስልካቸውን ሳላስፈቅድ በአደባባይ ላለመለጠፍ ብዬ ነውና የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እስኪመጡ ድረስ ግን በራሳችሁ አንዲትም ቅርንጫፍ እንዳትቆርጡ አደራ።