የሠራተኛ ትምህርት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፦ ፕሮፌሰርነት ወይስ የኤክስቴንሽን አሠልጣኝነት?

በሠራተኛ ትምህርት፣ ማለትም ስለ ሠራተኛ መብት፣ ማኅበርና ድርድር በሚያስተምረው ዘርፍ መሥራት ለሚፈልግ ሰው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት መንገዶች አሉ፦ ፕሮፌሰርነትና የኤክስቴንሽን (ከዲግሪ ትምህርት ውጭ ለሠራተኞች የሚሰጥ ሥልጠና) አሠልጣኝነት፤ እ.ኤ.አ. በ1945 በተቋቋመው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪና የሠራተኛ ግንኙነት ትምህርት ቤት ሁለቱም ጎን ለጎን ይገኛሉ።

መግቢያ፦ ለፕሮፌሰርነት የዶክትሬት ዲግሪና የታተመ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ግድ ነው። ለአሠልጣኝነት ግን ብዙ ጊዜ ማስተርስ ይበቃል፤ በሠራተኛ ማኅበር ያገለገለ ሰውም ይመረጣል።

የዕለት ሥራ፦ ፕሮፌሰሩ የዲግሪ ተማሪዎችን ያስተምራል፣ ይመራመራል። አሠልጣኙ ቅዳሜ ጠዋት በማኅበሩ አዳራሽ ከአውቶቡስ ሾፌሮችና ከነርሶች ጋር ተቀምጦ፣ የኅብረት ስምምነታቸውን አንቀጽ በአንቀጽ እያነበበ፣ የትኛው ቅሬታ በጽሑፍ መቅረብ እንዳለበትና ቀነ ገደቡ መቼ እንደሚያልፍ ያለማምዳል። ሠልጣኙ ሰኞ ዕለት አለቃው ፊት ስለሚቆም፣ በእኔ እምነት ከሁለቱ ከባዱ ማስተማር ይኸኛው ነው።

ስጋት፦ ቴንዩር የሚባለው ቋሚ የሥራ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ በ6ኛው ዓመት ይገመገማል፤ ያላለፈ ይሰናበታል። አሠልጣኙ በበኩሉ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በሚታደስ ውል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ከሆነ ደግሞ የግዛቱ ምክር ቤት የበጀት ክርክር በቀጥታ ይነካዋል።

አንድን የምርምር ጥያቄ ለዓመታት መከታተል ለሚሻና የግምገማውን ጫና ለሚችል ፕሮፌሰርነቱ ይስማማል። ከማኅበር ሥራ ለመጣና የትምህርቱን ውጤት በድርድር ጠረጴዛ ላይ ማየት ለሚፈልግ ግን አሠልጣኝነቱ ይሻላል፤ የምሽትና የቅዳሜና እሑድ ሥራን ቤተሰቡ ከቻለለት።