የሸዋ በሩ ሄልሜት፦ ከሂጃብ ጋር፣ ከሐረጎ ቁልቁለት ጋር

ፍርዴን ከፊት ላስቀድም። ሄልሜቱ ጥሩ ነው፤ እንከን ግን አያጣም። የሸጠልኝ ሱቅ ደግሞ ከዕቃው ይበልጣል። ደሴ ውስጥ ሄልሜት የሚሸጥ ሞልቷል። ቁጭ አድርጎ አስለክቶ የሚሸጥ ግን ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በሞተር ነው። አንዴ ወደ ኩታበር፣ አንዴ ወደ ሐይቅ አካባቢ ቀበሌዎች እወጣለሁ። መድኃኒት ለማምጣት ደግሞ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ከሞተሩ ጋር የተሰጠኝ ሄልሜት ለሁላችንም ተብሎ የተገዛ ነው። ለሁሉም የተባለ ሄልሜት ለማንም አይሆንም። እኔ ራስ ላይ እንደ ሰፊ ድስት ክዳን ይሽከረከራል። ወደ ኋላ ዞር ስል እኔ እዞራለሁ፣ እሱ ባለበት ይቀራል። የማየው መንገዱን ሳይሆን ስፖንጁን ነው። ከኋላ ሲኖ ትራክ እየመጣ ስፖንጅ ማየት ምን ይረባል? በራሴ ገንዘብ የራሴን ልግዛ አልኩ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለገጠር መንገድ ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን?» ብሎ ሳቀብኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ሲል እንደኖረ ነገርኩት። እሱ አሁንም በኮፍያ ይነዳል። ምክር ለሁሉም አይገባም።

መጀመሪያ የገባሁት ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። ልጁ ትሁት ነው፣ ሱቁም ያምራል። ሄልሜቶቹ በመደርደሪያ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። «እህቴ፣ አሁን የሚሄደው ይሄ ነው» ብሎ ጥቁርና ቀይ የሆነ አወረደልኝ። አጠለቅኩት፤ ሰፋኝ። «አብሽሪ፣ ስፖንጅ እንጨምርበታለን» አለኝ። ከዚያ ትንሹን አመጣ። ግንባሬን ጨምድዶ ያዘኝ። «አብሽሪ፣ ይለመዳል» አለኝ። ሲሰፋ ስፖንጅ፣ ሲጠብ ልማድ። ለሁሉም መልስ አለው።

የስፖንጁ ነገር ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ብዙ ቦታ የሚባል ነውና። ሄልሜት ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ቆዳችንን የሚነካው ለስላሳው ስፖንጅ ለምቾትና ራስን አቅፎ ለመያዝ ነው። ሕይወት የሚያተርፈው ከሱ ጀርባ ያለው ደረቅ ፎም ነው፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ዓይነት ማለት ነው። ስንወድቅ ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅ ነው ጉልበቱን የሚውጠው። ይህን ሥራውን እንዲሠራ ራሳችን ላይ ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። በሰፊ ሄልሜት ላይ ስፖንጅ መደረብ ሱቅ ውስጥ ልክ የሆነ ያስመስለዋል። መሬት ሲመታ ግን ያ ስፖንጅ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይሆንም። ሄልሜቱም ይንሸራተታል።

«ይለመዳል» የሚለው ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። የጉንጭ ስፖንጅ ከአጠቃቀም ጋር ይለቃል። ስለዚህ አዲስ ሲሆን ጉንጭን ጠበቅ አድርጎ ቢይዝ ደግ ነው። ግንባር ላይ የሚወጋ ነገር ግን አይለቅም። ደረቁ ፎም ነው የሚወጋው፤ እሱ ደግሞ ከራሳችን ጋር አይለማመድም።

ሸዋ በር አካባቢ ያለችው ሱቅ ጠባብ ናት። ጎማ፣ ካቴና፣ የሞተር ዘይት፣ የባጃጅ መለዋወጫ እስከ ጣሪያ ተከምሮባታል። ሄልሜቶቹ ከላይ በገመድ ተንጠልጥለዋል፣ አቧራም አያጡም። ባለቤቱን ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ገና ስገባ «ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ። «ለራሴ ነው ሐጂ» አልኳቸው።

«ሂጃብ ለብሰሽ ነው የምትነጂው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እንደለበስሽ ነው የሚለካው።»

ይህን የጠየቀኝ ሌላ ሻጭ የለም። በዚች ጥያቄ ብቻ ልቤ ወደሳቸው ሄደ።

የልብስ ሰፊ ሜትር አወጡ። እኔን አልነኩኝም። ሜትሩን ሰጡኝና የት እንደሚያልፍ በራሳቸው ራስ ላይ አሳዩኝ። ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ ዞሮ፣ ከኋላ ራስ ይበልጥ በሚወጣበት በኩል። ትንሽ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ትልቁን ቁጥር መያዝ ነው። ቤት ያለ ሂጃብ ስለካ 56 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከሂጃቡና ከሥሩ ካለው ስስ ኮፍያ ጋር 57 አለፈ። በብዙ አምራቾች ሰንጠረዥ 55 እና 56 «ኤስ» ነው፣ 57 እና 58 «ኤም» ነው። አንድ ጨርቅ የልክ ደረጃ አሻገረኝ ማለት ነው። ከህንድ የሚመጡት ላይ ፊደሉን ትታችሁ ቁጥሩን ብታዩ ይሻላል። 580 ካለ 58 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

ታዲያ ልክ ታወቀ ተብሎ ነገሩ አያልቅም። የመጀመሪያው «ኤም» ግንባሬን ወጋኝ፤ ጆሮ ግንዴ አካባቢ ግን ጣት ያስገባል። «ትልቁን ልሞክር?» አልኩ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትልቁ ግንባርሽን ይተውሽና ይዞራል። ያንቺ ራስ ረዘም ይላል፤ ይሄ ሄልሜት ደግሞ ክብ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሰው ራስ ከላይ ሲታይ አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ ነው። ግንባር ከወጋ ሄልሜቱ ለራሳችሁ ክብ ሆኗል። ጎንና ጎኑን ከጨመቀ ደግሞ ሞላላ ሆኗል። መድኃኒቱ ሌላ ቁጥር ሳይሆን የሌላ አምራች ዕቃ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ያው «ኤም» ሆኖ ዙሪያዬን እኩል ያዘኝ።

ገዛሁ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት ሐጂ «ቆይ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ዱካ ሰጡኝ። ሄልሜቱን እንዳጠለቅኩ ግማሽ ሰዓት ያህል በር ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው ለባጃጅ ሹፌሮች ሻማና ፍሬን ሸራ ይሸጣሉ፣ እኔ ሄልሜት አጥልቄ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። የሚገባው ሁሉ ያየኛል። አንዱ «እህት፣ ሞተሩ ጠፋብሽ እንዴ?» ብሎ አሳቀብኝ። ግን ወላሂ፣ ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም። የሚወጋ ቦታ በአምስት ደቂቃ አይናገርም። ቆይቶ ነው ራስ ምታት የሚሆነው። ሳወልቀው ግንባሬን በስልኬ አየሁት። አንድ ቦታ ላይ የቀላ ምልክት የለም፤ ጉንጬ ብቻ ትንሽ ተጨምቋል። መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው።

ከዚያ ማሰሪያውን አስሬ ከኋላ በኩል ከሥሩ ይዤ ወደ ፊት ገፋሁት። በዚህ ጊዜ ከወለቀ፣ በአደጋ ጊዜም ይወልቃል። ግራና ቀኝ አወዛወዝኩት፤ የግንባሬ ቆዳ አብሮ ተንቀሳቀሰ። ማሰሪያውና አገጬ መካከል ሁለት ጣት ይገባል፣ ከዚያ በላይ አይገባም። ሳይታሰር የሚነዱትን ሳይ ይገርመኛል። ያልታሰረ ሄልሜት የሚያገለግለው እስኪወድቁ ድረስ ብቻ ነው።

ሄልሜት ላይ ስላሉት የደረጃ ምልክቶችም ልበል። «ዶት» የሚለው ከኋላ የሚለጠፈው ስቲከር የአሜሪካ ነው። በዚያ አሠራር አምራቹ ራሱ ነው «ደረጃውን አሟልቻለሁ» የሚለው፤ ከሽያጭ በፊት መንግሥት አይፈትንም። ስቲከር ደግሞ ማንም ያሳትማል። የአውሮፓው «ኢ ሲ ኢ» ከሽያጭ በፊት መፈተንን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ማሰሪያው ላይ በተሰፋ ጨርቅ ላይ ነው ያለው። ክብ ውስጥ «ኢ» ፊደል ከቁጥር ጋር አለች፤ ቁጥሯ የፈቀደውን አገር ትናገራለች። 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ኔዘርላንድ ነው። 22.06 የሚል የደረጃው ቁጥር ካያችሁ ከ22.05 የተሻለና የቅርቡ ነው። እኔ የገዛሁት የህንዱ «አይ ኤስ አይ» ያለበት ነው፤ የደረጃው ቁጥር አይ ኤስ 4151 ይባላል። ሱቁ ውስጥ ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ ቀለል ያለ ሄልሜትም ነበር። ሐጂ ራሳቸው «እሱ ለትራፊክ ፖሊስ ነው፣ ለራስ አይደለም» አሉኝ። የሚሸጡትን ዕቃ እንዲህ የሚያሙ ነጋዴ ናቸው!

ዋጋውን አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ አይሠራም። ያ ምልክት አልባ ሄልሜት ከሚሸጥበት ሁለት እጥፍ ይበልጣል ልበላችሁ። ትንሽ ተከራክሬ ትንሽ ቀነሱልኝ።

አሁን ወደ መንገዱ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከል 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ የሐረጎ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ አለ። ብርድ ይዛችሁ ትነሳላችሁ፣ ሙቀት ይቀበላችኋል። ሄልሜት የሚፈተነው እዚህ ነው። በየመታጠፊያው ወደ ጎን ሳይ አብሮኝ ይዞራል። ከታች የሚወጣው የጭነት መኪና ነፋሱን ሲለቅብኝ አይነሳም። ይህን ብቻ ባገኝ ይበቃኝ ነበር።

የሄልሜቱ የፊት መስታወት ግን ያናድዳል። በክረምት ጠዋት ደሴ ጉም ሲለብስ የራሴ ትንፋሽ ውስጡን ይሸፍነዋል። አፍንጫ ላይ ትንፋሽ ወደ ታች የሚመልስ ክዳን የለውም። የፊቱ የአየር ቀዳዳም ለስሙ ነው ያለው። መስታወቱን አንድ ጥርስ ከፍ አድርጌ ነው የምነዳው፤ ብርዱ ደግሞ ዓይን ያስለቅሳል። ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጌ ውስጡን ቀብቼ በለስላሳ ጨርቅ ሳደርቀው ለትንሽ ጊዜ ይረዳል። ጥቁር መስታወት አብሮ ይሸጣል፤ ያምራል፣ ግን ማታ የሚነዳ ሰው አይግዛው። የቀበሌ መንገድ አቧራ ሲለብሰው ደግሞ በሻርፕ በደረቁ አትጥረጉት። ቶሎ ይጫጫራል። መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፉበት።

ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። መጀመሪያ አንገቴን ተሰማኝ፣ በኋላ ተውኩት። አገጭ የማይሸፍነው ግማሹ ሄልሜት ይቀላል፣ ባቲና ከሚሴ ሙቀት ላይ ለሚነዳ ያጓጓል። እኔ ግን ጥርሴን እወደዋለሁ።

ለሂጃብ ለባሾች ሁለት ነገር። ስፒል ያለው ሂጃብ ከሄልሜት ጋር አይሄድም። ማሰሪያው ስፒሉን ወደ ጉሮሮ ይገፋዋል። ተሰፍቶ የሚጠለቀውን ስስ ዓይነት ልበሱ። ሌላው ፀጉር ነው። ከኋላ በትልቁ ከተቋጠረ ሄልሜቱን ወደ ፊት ይገፋውና ዓይን ላይ ይወርዳል። ዝቅ ብሎ ይታሰር። ሹሩባ ለምትሠራም እንዲሁ፤ ልትለኪ ስትሄጂ ሁልጊዜ በምትሠሪው ዓይነት ተሠርተሽ ሂጂ፣ ወፍራምና ቀጭን ሹሩባ ልክ ይለውጣል።

ሐጂ ያገለገለ ሄልሜት አይሸጡም። ስጠይቃቸው «የማን ራስ እንደወደቀበት በምን አውቃለሁ?» አሉ። ልክ ናቸው። የተጨፈለቀ ፎም ከውጭ አይታይም፤ አንዴ ከሠራ ደግሞ አይመለስም። ቤንዚን አታስነኩት፣ ፎሙን ይበላዋል። ጋራዥ ውስጥ ቅባት ሲነካው በቤንዚን የሚያጸዱ አይቻለሁ። ውሃና ቀላል ሳሙና ይበቃዋል። የሞተሩ መስታወት ላይ ማንጠልጠልም ውስጡን ይሰረጉደዋል።

የሱቁ ጉድለት የልጅ ልክ አለመኖሩ ነው። ልጆቻቸውን ከፊት አስቀምጠው የሚመጡ አባቶች አይቻለሁ፤ ሐጂ ለልጆቹ የሚሆን ዕቃ የላቸውም። ለኋላ ተሳፋሪ ሁለተኛ ሄልሜት ልገዛ ስል ደግሞ «ሰውየው ራሱ ይምጣ» ብለው መለሱኝ። አብራኝ የምትወጣዋን ልጅ ይዤ ተመለስኩ፤ ለእሷም ያንኑ ዱካ ሰጧት።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ሸዋ በር ላይ የባጃጅ መለዋወጫ ከሚሸጡት መካከል ሄልሜት በገመድ ያንጠለጠለችውን ጠባብ ሱቅ ፈልጉ። ግማሽ ሰዓት ለመቀመጥ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ዓርብ ለጁምዓ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይዘጋሉ።