ደሴ ላይ ልቤን ታየሁ፦ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ

እሳት አደጋ ነው የምሠራው፣ እዚሁ ደሴ። ከወር በፊት ባልደረባዬ ቱቦ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። አሁን ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አሜሪካ እንኳ ሥራ ላይ ሳሉ ከሚሞቱ እሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ግማሽ የሚጠጉትን የሚገድላቸው እሳቱ ሳይሆን ልባቸው ነው።

መጀመሪያ ከሄድኩበት ቤት ተናድጄ ነው የወጣሁት። ጉንፋን ይዞኝ እያስነጠስኩ ደም ቀዱኝ፣ ሲአርፒ የሚሉት የደም ምርመራ 14 ሆነ ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ፣ በቃ። ቀና ብሎ ያየኝ ሰው የለም። ሦስት ቀን ልቤ አለቀ እያልኩ ከረምኩ።

ሁለተኛው ፒያሳ አካባቢ ያለ ትንሽ ክሊኒክ ነው፣ የምመሰክረውም ለእሱ ነው። ገና እጅጌዬን ስሰበስብ ሲስተሯ "ወንድሜ፣ ጉንፋን ነገር ይዞሃል እንዴ?" አለችኝ። አዎ ስላት መርፌውን መልሳ አስቀመጠችው። "አብሽር፣ ይሻልህና ከሁለት ሳምንት በኋላ ና።" ሳንቲም ሳትቀበል ሸኘችኝ! ሲአርፒ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፣ ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ይጨምራል፤ ከ10 ካለፈ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ስለሆነ ለልብ ጉዳይ አይታመንም። ለልብ የሚሆነው ሃይ ሴንሲቲቪቲ የሚሉት ነው፤ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ዝቅተኛ ስጋት፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ። ተራው ሲአርፒ እነዚህን ትንንሽ ልዩነቶች በደንብ አይለይም፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛውን እንደሚሠሩ ጠይቁ።

ስመለስ ሃይ ሴንሲቲቪቲው 2.6 ሆነ። ዶክተሩ ከግፊቴ፣ ከስኳሩና ከኮሌስትሮሉ ጋር አንድ ላይ አድርጎ አየው፣ ብቻውን አይፈረድበትም አለኝ። ስለ ጭሱ፣ ስለ ሌሊት ተረኛነቱ፣ ደወል ሲጮህ ከእንቅልፌ ተነስቼ ስለምሮጠው ሁሉ ጠየቀኝ። ግፊቴን ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ እንድቀመጥ አደረገኝ፣ እግሬን እንኳ ሳላጣምር።

ጉድለቱ ትሬድሚል፣ የመሮጫ ማሽኑ፣ የለም። የልብ ምት የሚመዘግበውን ኢሲጂ የሚያነሱህ ተኝተህ ነው፣ የእኛ ልብ ደግሞ የሚፈተነው ተሸክመን ስንወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚመከረው አቅም 12 ሜት ነው፣ ማለትም ሰው ቁጭ ብሎ ከሚጠቀመው ኦክስጅን 12 እጥፍ፤ የኔን እስካሁን የለካልኝ የለም። ለጊዜው በእረፍት ቀኔ የጦሳን ዳገት በፈጣን እርምጃ እወጣለሁ፣ ዶክተሩ ነው ያዘዘኝ። ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ ብሎኛል። ባልደረባዬንም ሐሙስ ይዤው እሄዳለሁ።