ቸርችል ጎዳና አካባቢ ያለ የሐዋላ መስኮት፦ መስተንግዶው 4 ኮከብ፣ ምንዛሪው 2

ባንኩን በስሙ አልጠራውም። ቅርንጫፉ ከቸርችል ጎዳና ብዙ አይርቅም። የባንክ ቅርንጫፍ እንደ አሸን የፈላበት ሰፈር ስለሆነ ገምታችሁም አታገኙትም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ይኖራል። ወር በገባ ቁጥር 200 ዶላር ይልካል። የእናታችን የስኳርና የግፊት መድኃኒት፣ እሷን የምትጠብቀው ልጅ ደሞዝ፣ ሁሉም ከዚያው ነው የሚወጣው። ወንድሜ ወረቀት የለውም። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ፣ ቪዛው ሲያልቅ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ስለ ሐዋላ አገልግሎት ሲወራ ሁሌ የሚወራው ስለ መስኮቱ ብቻ ነው፤ ወረፋው፣ ፍጥነቱ፣ የልጆቹ ፈገግታ። ብሩ መስኮቱ ጋ እስኪደርስ የት የት እንደሚሸረፍ የሚቆጥር የለም። ስለዚህ እኔ ልቁጠር።

መጀመሪያ ግን ስለ ቅርንጫፉ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ቦርሳዬን ከፈተሸ በኋላ "ሐዋላ ነው እናቴ?" ይለኛል። አዎ ካልኩ ለብቻ መስኮት አለ፣ ስፖንጅ ያለው ወንበር አለ። በዓል ሲቃረብ ቡናና ፈንድሻ ይቀርባል፤ አንዴ ጃንጥላም ደርሶኛል። ጡረታዬን ልቀበል ስመጣ ግን እዚያው ቅርንጫፍ ውስጥ እናቴ ብሎ የጠራኝ የለም። ቁጥር ይዤ፣ ብረቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ዶላር ምን ያህል እንደሚፈለግ ለማወቅ ጋዜጣ ማንበብ አያስፈልግም።

መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ጎበዝ ናት። ሚስጥር ቁጥሩን ትቀበላለች፣ ፋይዳዬን ታያለች፣ ሁለት ቦታ ታስፈርመኛለች፣ አለቀ። "ሲስተም የለም" የሚባልበት ቀን አለ፤ እሱ የሁሉም ባንክ ስለሆነ ነጥብ አልቀንስበትም። አንድ ነገሯን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም።

"ላኪው ማን ይባላል?" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

ስሙን ነገርኳት።

"ምንዎት ነው?"

"ወንድሜ።"

ስክሪኑን አየች። ከዚያ ፋይዳዬን አየች። የአባት ስም አይገጥምም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የእናት ልጅ?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። "ዘንድሮ የእናት ልጅ በዝቷል" ብላ ማህተሟን አሳረፈች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሜ ፓስፖርት ጊዜው አልፏል። ገንዘብ ላኪዎቹ ደግሞ ጊዜው ያላለፈ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ወረቀት ባለው ጓደኛው ስም ይልካል። ጓደኛው ደግ ሰው ነው፤ ሆኖም በትርፍ ሰዓቱ ነው የሚሄድለት። ወንድሜም ሳይጋብዘው አይቀርም። ይኸው አንድ ወጪ፤ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የለም።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ስሜ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ጎድሎ መጣ። ቅርንጫፉ አልከፍልም አለ። ሕጉ እንደዚያ ከሆነ ይሁን፣ አልከራከርም። ያናደደኝ ምን እንደሚስተካከል በወጉ የሚነግረኝ መጥፋቱ ነው። አንዱ "ላኪው ያስተካክል" አለኝ፣ ሌላው "ነገ ይሞክሩ" አለኝ። ነገ ስመጣ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ጓደኛው ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ሄዶ አስተካከለው። እናቴ በዚያ ሰሞን መድኃኒቷን በዱቤ ነው የወሰደችው። የሰፈራችን ባለ ፋርማሲ ይባረክ። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ።

አሁን ወደ ምንዛሪው። ግድግዳው ላይ "ሐዋላዎን ያለ ምንም ክፍያ ይቀበሉ" የሚል ማስታወቂያ አለ። እውነት ነው፣ ከተቀባይ ምንም አይቆረጥም። ክፍያው የተደበቀው ሌላ ቦታ ነው። ላኪው ድርጅት በራሱ ዋጋ ይመነዝርና ብር አድርጎ ነው የሚልከው። የዕለቱ የባንክ ዋጋና የእሱ ዋጋ በዶላር 3 ብር ቢለያዩ በ200 ዶላር 600 ብር ነው። እኔ ቤት ይቺ የአትክልት ወጪ ናት። የዓለም ባንክ በየጊዜው ይህን ይለካል። ከሰሃራ በታች ወዳለው አፍሪካ 200 ዶላር ለመላክ የላኪ ክፍያውና የምንዛሪ ልዩነቱ ተደምሮ በአማካይ 8 በመቶ ገደማ ይፈጃል። መንግሥታት እንደ ፈረንጆቹ በ2030 ከ3 በመቶ በታች እናወርደዋለን ብለው ፈርመዋል። እስቲ እናያለን።

በእርግጥ ከድሮው ይሻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ፤ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ። ከዚያ በፊት በጎን የሚመነዘረው እጥፍ ገደማ ስለነበር በባንክ የሚቀበል ሰው እንደ ሞኝ ነበር የሚታየው። እኔ ያኔም በባንክ ነበር የምቀበለው። ለአገር አስቤ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ደረሰኝ የሌለው ብር እንቅልፍ ይነሳኛል፤ የሙያ በሽታ ነው። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ ጠቧል፣ አልጠፋም።

አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ልጇ ጅዳ እንዳለች አጫወተችኝ። ልጅቷ ኢቃማ፣ ማለትም የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ የላትም፣ ስለዚህ እዚያ ባንክ ገብታ መላክ አትችልም። በሰው በሰው ነው የምትልከው። ሴትዮዋ ባንክ የመጣችው ጎረቤቷን ልትሸኝ ነው። ሳዑዲ ደሞዝ ላይ የገቢ ግብር የለም፣ ግን ልጅቷን በአንድ ቀን አፍሰው ሊመልሷት ይችላሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ በአንድ ፌስታል ልብስ ቦሌ የወረዱትን ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ያለውን ኪሳራ በየትኛው አምድ እንደምመዘግበው እኔም አላውቅም።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ማታ ማታ ሬስቶራንት ውስጥ ሰሃን ያጥባል። ተግባረ ዕድ የተማረ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበር። ያስተማረችው ይቺ ድሃ አገር ናት፤ የሚሠራው ለሌላ አገር ነው፣ ያውም ከሙያው ውጪ። ይህ በእኛ ወጪ ይያዝ።

"ቆይ፣ አንተ ግብር ትከፍላለህ?" ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። የደሞዝ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። መነጽሬን አድርጌ መስመር በመስመር አየሁት። ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያኑ የሕክምና መድን) 1.45 በመቶ፣ የፌዴራል ግብር፣ የሜሪላንድ ግብር። አሠሪው በበኩሉ ሌላ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ይጨምራል። ሶሻል ሴኩሪቲ ማለት የእነሱ ጡረታ ነው። በማን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እንደሚሠራ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። ወረቀት ከሌለው ግን ያንን ጡረታ አያገኘውም። በእኛ አገር ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፤ እኔም ተቆርጦብኝ ነበር፣ ዛሬ ብረት ወንበር ላይ ተቀምጬም ቢሆን እቀበለዋለሁ። እሱ የሚከፍለው የማያውቃቸውን የአሜሪካ ሽማግሌዎች ለመጦር ነው።

የታክስና የኢኮኖሚ ፖሊሲ ተቋም የሚባል የዋሽንግተን ድርጅት ይህን ደምሮታል። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች የከፈሉት ግብር 96.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 25.7 ቢሊዮኑ ለሶሻል ሴኩሪቲ ገብቷል። በነፍስ ወከፍ ሲካፈል 8,889 ዶላር ይሆናል። ወንድሜ ለእኛ በዓመት የሚልከው 2,400 ዶላር ነው። እንግዲህ የማን ጧሪ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

የሒሳብ ሰው ግን የአንድ ወገን መዝገብ ብቻ አይዘጋም። የወንድሜ ልጅ እዚያው ተወልዳ የመንግሥት ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ናት። ለእሷ አስተማሪ የሚከፍለው ካውንቲውና ስቴቱ ነው። እዚያ ሳትወለድ፣ ያለ ወረቀት ገብታ ቢሆን እንኳ ከትምህርት ቤት ሊያባርሯት አይችሉም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እንደ ፈረንጆቹ በ1982 ወስኗል። አባቷም ድንገት ቢታመም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሊመልሰው አይችልም። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፣ የሚያርፈውም የአካባቢው አስተዳደር ላይ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የበጀት ቢሮ ከ2021 ጀምሮ በድንገት ያሻቀበውን ስደት አስልቶ፣ የፌዴራሉን የበጀት ጉድለት እስከ 2034 ባሉት ዓመታት በ0.9 ትሪሊዮን ዶላር ይቀንሳል አለ። ያው ቢሮ ደግሞ በ2023 ብቻ ስቴቶችና ከተሞች 9.2 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ወጪ እንደወጣባቸው ጻፈ። ትርፉ ዋሽንግተን ይገባል፣ ደረሰኙ ከንቲባው ጋ ይሄዳል። ከንቲባው ቢቆጣ አልፈርድበትም።

ስደተኞች ደሞዝ ያወርዳሉ የሚባለውስ? የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እንደ ፈረንጆቹ በ2016 ባወጡት ጥናት በጠቅላላው ደሞዝ ላይ ያለው ጫና ትንሽ ነው። ጫና ሲኖርም ቀድሞ የሚነካው ቀደም ብለው የገቡትን ስደተኞችና ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱትን ነው። ወንድሜ ይህን ሳልነግረውም ያውቀዋል። ከእሱ በፊት የገባ የኤል ሳልቫዶር ሰው አብሮት ሰሃን ያጥባል፤ የሰዓት ክፍያ ይጨመርልን ባሉ ቁጥር አለቃቸው በሩን ነው የሚያሳያቸው።

ያው ጥናት የስደተኛ ልጆች አድገው ሥራ ሲይዙ ግብር ከሚከፍሉት ሁሉ ጠንካሮቹ ውስጥ እንደሆኑም ይላል። እንግዲህ የ3ኛ ክፍሏ ልጅ ነገ ትከፍላለች ማለት ነው። ለእኔም አንድ ጃኬት ብትልክልኝ አልጠላም።

ለተቀባዮች አዲሱ ነገር ይህ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ የሚልክ ሰው 1 በመቶ ግብር ይከፍላል። በ200 ዶላር 2 ዶላር መሆኑ ነው። መጀመሪያ 5 በመቶ ነበር የታሰበው፣ እየወረደ 1 ላይ ቆመ። ከባንክ ሒሳቡ ወይም እዚያ አገር ባንክ በሰጠው ካርድ የሚልክ ግን አይነካውም። በጥሬ ገንዘብ የሚልከው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባንክ ለመግባት የሚፈራው ነው። ጓደኛው በካርዱ እንዲልክለት ነገርኩት፤ ብሩን በእጁ ይስጠው።

"እትዬ፣ ለ2 ዶላር?" አለኝ።

"በዓመት 24 ነው" አልኩት።

የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት ሂዱ። ከምሳ በኋላ የሐዋላዋ መስኮት አንዳንዴ ሰው የላትም፣ ስፖንጁ ወንበር ላይ ሆናችሁ ትጠብቃላችሁ። በበዓል ዋዜማ ዝር አትበሉ፤ ፈንድሻው ለወረፋው አይበቃም። የላኪውን ስም በእንግሊዝኛ አስጽፋችሁ ያዙ። ከመቀበላችሁ በፊት የዕለቱን ምንዛሪ በስልካችሁ እዩና ላኪው ድርጅት ከመነዘረበት ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ከበዛ ለላኪው ንገሩት፣ ድርጅት ይቀይር። እኛ ሁለቴ ቀይረናል።

ስወጣ በሩ አጠገብ የአስተያየት ደብተር አለ፣ እስክሪብቶው በክር ታስሯል። "የዕለቱን የባንክ ምንዛሪና የላኪ ድርጅቶቹን ምንዛሪ ጎን ለጎን ለጥፉልን" ብዬ ጻፍኩ። ከእኔ በላይ ያለው አስተያየት "የሽንት ቤቱ ቁልፍ ይፈለግልን" ይላል። ቀኑ የአምና ነው።