ለኮራል ገንዳ ፎቶግራፍ፦ ስልክ ከማጣሪያ ጋር ወይስ ካሜራ ከማክሮ ሌንስ ጋር?

በቤቱ የኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ ይህ ያናድደዋል፦ በዓይን ሲታይ አረንጓዴና ቀይ የሚያበራው ኮራል በፎቶ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ብቻ ይሆናል። የገንዳው ኤልኢዲ መብራት ኃይሉን በአብዛኛው የሚያፈሰው ከ420 እስከ 460 ናኖሜትር ባለው ሰማያዊ ብርሃን ላይ ነው። ኮራሉ ያንን ተቀብሎ በሌላ ቀለም መልሶ ቢያበራም ካሜራው የሚያየው የበዛውን ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲያወዳድሩ ከሜጋፒክስል በፊት ሰማያዊውን እንዴት እንደሚያስቀር ይጠይቁ።

በስልክ ሌንስ ላይ የሚቆነጠጥ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ማጣሪያ ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ እዚህ ከማወዳድራቸው ሦስት አማራጮች ርካሹም እሱ ነው። ነጭ ብርሃን ለተቀላቀለበት ገንዳ ቢጫው፣ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ለሆነው ብርቱካናማው ይሻላል። አብሮ የሚሸጠው የማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገርን በቅርብ አጉልቶ የሚያነሳ) ግን ጥርት አድርጎ የሚያነሳው ጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ወደ መስታወቱ የተጠጋውን ኮራል እንጂ መሀል ድንጋይ ላይ ያለውን አይደርስበትም። ዓሣ ደግሞ በስልክ አይመከርም። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ስልኩ የሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነት ይቀንሳል፤ የሚዋኘው ዓሣም ይደበዝዛል።

ዓሣ የሚወድ ሰው ካሜራና የ100 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ ይግዛ። የካኖን ኢኤፍ 100 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ማክሮ ከሴንሰሩ (ምስሉን ከሚቀበለው የካሜራው ክፍል) 30 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ ሆኖ ኮራሉን በእውነተኛ መጠኑ ያነሳል፤ የ60 ሚሊሜትር ሌንስ ለዚያው መጠን ወደ መስታወቱ ይበልጥ መጠጋት አለበት። በ1/200 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት ከቀይ ባሕር የሚመጣው ሐምራዊ ታንግ የሚባለው ዓሣ እንኳ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቀለሙን ለማስተካከል ነጭ የፕላስቲክ ክዳን ገንዳው ውስጥ ይንከሩና በዚያው መብራት ሥር ካሜራውን ዋይት ባላንስ (ነጭን ነጭ አድርጎ የማሳየት ማስተካከያ) ያስተምሩት። ፋይሉንም በሮው (ቀለሙ በኋላ በኮምፒውተር ሊስተካከል በሚችል ያልተቀነባበረ ፋይል) ያስቀምጡ፤ የብዙ ካሜራዎች የዋይት ባላንስ መለኪያ 10,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ላይ ሲያበቃ የኮራል መብራት ከዚያ በላይ ይሄዳልና።

ሦስተኛው አማራጭ እንደ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ያለ ውኃ የማያስገባ ትንሽ ካሜራ ነው። እስከ 1 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ውኃው ውስጥ ነክረው ኮራሉን ከላይ ማንሳት ይችላሉ። ኮራል ከላይ ሲታይ የሚያምረው ውበት ከመስታወት ጀርባ አይገኝም። ከተጠቀሙ በኋላ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ግዴታ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ኮራል ሲያነሱ ፓምፑን ያጥፉ፤ ሌንሱንም ወደ መስታወቱ ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ካዘነበለ የምስሉ ጠርዝ ይዛባል።

የእኔ ምክር፦ ኮራል ብቻ ከሆነ ማጣሪያው ይበቃዎታል። ዓሣም ካለ ደግሞ አዲስ ካሜራ ከተራ ሌንስ ጋር ከመግዛት ያገለገለ ካሜራ ከጥሩ ማክሮ ሌንስ ጋር ይግዙ። ያገለገለውን ሌንስ ከመክፈልዎ በፊት በብርሃን አንጻር ይዩት፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ካለበት ይተዉት።