አሮጌው ግሪል ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ?

እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ሲያልፍ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። "ግሪሌ አልግል አለኝ፣ የስንት ዶላሩን ልግዛ?" መልሴ በየዓመቱ ያው ነው፦ አትግዛ፣ አሳድሰው። ይህን ያወቅሁት በራሴ ሞኝነት ነው።

የድሮው የጋዝ ግሪሌ አንድ ቀን እሳቱ ሰነፈብኝ። ብዙም ሳላስብ መንገድ ዳር አወጣሁትና በ229 ዶላር አዲስ ገዛሁ። ማብለጭለጩን አትጠይቁኝ! ሁለት ዊንተር እንኳ በቅጡ ሳያልፈው ሥሩ በዝገት ተበልቶ የቅባት መያዣው ዱብ አለ። የጣልኩትን ደግሞ አንድ ጓደኛዬ አንስቶት ኖሯል። ምን አድርጎ አዳነው? የጋዙን ሲሊንደር ፈቶ መልሶ ገጠመው፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግሪሉ ማዞሪያዎች ክፍት ሆነው ሲሊንደሩን በአንዴ ከከፈታችሁት፣ ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ጋዝ የሚፈስ ይመስለውና ፍሰቱን አንቆ ይይዘዋል። ሁሉንም ዝጉ፣ ሲሊንደሩን ፍቱ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። ዋጋው ዜሮ። እኔ 229 ዶላር ከፈልኩበት።

በዚህ ካልተስተካከለ ሸረሪት ጠርጥሩ። ቆሞ የከረመ ግሪል በርነሩ (እሳቱ የሚወጣበት ቧንቧ) ውስጥ ድር ያደራበታል፣ እሳቱም ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ይሆናል። ረጅም የጠርሙስ ብሩሽ ይበቃዋል።

ከልቡ ያረጀ ከሆነስ? ባለፈው ዓመት የወንድሜን ስናድስ ሦስት በርነር 54፣ የበርነሮቹ መሸፈኛ ብረቶች 32፣ የጋዙ ጎማ ከነሬጉሌተሩ 24፣ መለኮሻው 13፣ በድምሩ 123 ዶላር ወጣ። ያንን የሚያህል ጠንካራ አዲስ ግሪል ስናይ ከ500 በታች አላገኘንም። የ200ውን ከመግዛት ደግሞ፣ ከእኔ ተማሩ፣ ብሩን እዚያው ማቃጠል ይሻላል፤ ቢያንስ ሥጋ ይጠብሳል።

ፎርጂ ዕቃ ግን አደራ! መጀመሪያ ሦስቱን በርነር በ19 ዶላር አዘን ነበር። "ለሁሉም ሞዴል ይሆናል" ይላል፣ ለእኛ ግን አልሆነም። በአንድ ጣት አጥሮ ጋዙ ከሚወጣበት ጫፍ ጋር አልገናኝ አለ። እንዲህ ያለውን በግድ መግጠም ቤት ማቃጠል ነው። መመለሻው ብቻ 11 ዶላር በላን። አሁን የሞዴሉን ቁጥር ሳላይ አላዝም፣ ዕቃው ሲመጣም ማግኔት አስጠጋለሁ። 304 የሚባለውን ስቴንለስ ማግኔት እምብዛም አይስበውም፣ ርካሹን 430 ግን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ሁለቱም ያብለጨልጫሉ፣ ቀድሞ የሚዝገው ግን 430ው ነው።

አዲስ ግዙ የምለው ዋናው ሣጥን በዝገት ተበስቶ ከሆነ ወይም መለዋወጫው ከጠፋ ብቻ ነው። ሣጥኑ ወፍራም አሉሚኒየም ከሆነ አይዝግም፣ እሱን ለመጣል አትቸኩሉ። ዌበርን የመሰሉት የግሪል ኩባንያዎች ለቆዩ ሞዴሎቻቸውም ዕቃ ስለሚገኝላቸው ያገለገለ የምትፈልጉ ወደዚያ እዩ።

ዕቃ ቀይራችሁ ስትጨርሱ መጋጠሚያው ላይ ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀቡና ጋዙን ክፈቱ። አረፋ ከኮረፈ እንዳትለኩሱ፣ ዘግታችሁ እንደገና አጥብቁ።

ጓደኛዬ ዘንድሮም በዚያው ግሪል የበግ ጎድን ጠብሶ ጋበዘን። 50 ዶላር ልስጥህና መልስልኝ ብለው ጎድኑን አቀብሎኝ ሳቀብኝ።